ደሞዝ በባዶ ሆድ

ደም ቀጂ ነኝ። ወረቀቴ ላይ «የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን» የሚል ማዕረግ ተጽፎልኛል፤ ነገር ግን በክሊኒካችን ሥራ ሲከፋፈል ማይክሮስኮፑ ለአንዱ ባልደረባዬ፣ ማሽኑ ለሌላዋ ደርሶ ለእኔ የተረፈኝ የሰው ክንድ ነው። ጎማ አስራለሁ፤ «ጨብጡ» እላለሁ፤ እወጋለሁ፤ «ልቀቁ» እላለሁ፤ ጥጥ እሰጣለሁ። ውጤቱን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ሐዋሳ ውስጥ ፊቱን የረሳሁት ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ በዓይኔ እጅጌውን የምበረብረው ለክፋት አይደለም፤ ክንዱን ባየው ስሙ ትዝ ይለኛል።

ሕፃናት ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እናቶችም «ዝም ካላልክ ጠርቼ ለእሱ ነው የምሰጥህ!» እያሉ ያለ ምንም ክፍያ ይገለገሉብኛል። ለማስፈራሪያነቴ ብቻ በሰው አስር አስር ሳንቲም ቢታሰብልኝ ኖሮ ይህን ወግ የምነግራችሁ ፎቅ ላይ ሆኜ ነበር።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን ገባ ወጣ በሚልበት፣ ሞባይል የያዘ ሰው መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ በሚያወራበት ዘመን ነው። ደሞዜ ዘጠኝ መቶ ብር ነበር። ዘጠኝ መቶ ብር ለላጤ ይበቃል፤ ላጤው እስካላፈቀረ ድረስ።

እኔ አፈቀርኩ። ምሕረት ትባላለች፤ ታይፎይድ ይሆናል ተብላ ለምርመራ መጥታ ነው ያወቅኋት። ደም ስሯ እንደ ጠላት ተደበቀብኝ። አንዴ ወጋሁ፣ የለም። ሁለቴ ወጋሁ፣ የለም። በሦስተኛው ላብ ሲያጠምቀኝ ቀና ብላ አየችኝና «ወንድሜ፣ የጠፋብህ ነገር ካለ ንገረኝና አብረን እንፈልገው» አለችኝ። ደሟን አገኘሁ፤ ልቤን ግን እዚያው ወንበር ላይ ጥዬ ወጣሁ።

አባቷ አቶ ኤርጊቾ ገበያው አጠገብ የብስክሌት መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። በወጣትነታቸው ከሆሳዕና አካባቢ በእግራቸው መጥተው፣ አንድ የብስክሌት ሰንሰለት ብለው ጀምረው፣ ዛሬ ግማሽ ሐዋሳን በሁለት ጎማ ያቆሙ ሰው ናቸው። ውሎ አድሮ ተዋደድንና ምሕረት ስለ እኔ ስትነግራቸው የጠየቁትን ቃል በቃል ነግራኛለች።

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«ደም ይቀዳል።»

«ለምኑ?»

«ለምርመራ ነው እንጂ አባባ!»

«ስንት ያገኛል?»

ምሕረት እዚህ ላይ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ክር አልነበረውም።

«ይገባኛል» አሉ አቶ ኤርጊቾ። «እንግዲህ የሰው ደም መቅዳቱን ለጊዜው ያቆየውና ለራሱ ኪስ ደም ያግኝለት። እስከ ፋሲካ ገቢውን አሻሽሎ ሽማግሌ ከላከ እሰማዋለሁ። ካልሆነ ያ ባለ አይሱዙው ሰውዬ ሦስተኛ ጊዜ እያስጠየቀ ነው።»

እኔ ደግሞ ያለኝ ብስክሌት ነው። እሱንም የገዛሁት ከእሳቸው ነው።

ገቢ ለማሳደግ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ክሊኒኩ ባለቤት ወደ ዶክተራችን ነው። ዶክተራችን ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ከብር ሲደርስ ይደክመዋል። «ልጄ፣ ይህ ሙያ እኮ ክቡር ነው» አሉኝ። ክብሩን ለእርስዎ ልተውልዎና ብሩን ይጨምሩልኝ ልል አሰብኩ፤ ያልኩት ግን «እሺ ዶክተር» ነው።

ቀጥሎ ቀበሌ አዳራሽ የተዘጋጀ የጥቃቅንና አነስተኛ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ ጠረጴዛ እየደበደበ «ሀብት ያለው በእጃችሁ ላይ ነው! እጃችሁን ተመልከቱ!» አለ። ሰው ሁሉ የየራሱን እጅ ተመለከተ። እኔ የተመለከትኩት የጎረቤቴን ነው። እንዴት ያለ ደም ስር ነበረው! ጎልቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ዓይንህን ጨፍነህ የምትወጋው ዓይነት። ሀሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው፤ ሰው ደሙን ይዞ ወደ ክሊኒክ ከሚመጣ እኔ ለምን መርፌዬን ይዤ ወደ ሰው አልሄድም?

ዶክተራችን ተስማሙ። ከሥራ ሰዓት በፊት በጠዋት ቤት ለቤት እየዞርኩ እቀዳለሁ፤ ከክፍያው እኩሌታው የእኔ ነው። ክትባት የሚመላለስበትን ዓይነት ሰማያዊ ሳጥን ከብስክሌቴ ኋላ አሰርኩና ነጋዴ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። ጀልባቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ደማቸውን ሰጡኝ፤ ክፍያውን ግን በቆሮሶ ዓሣ። «ብር የሚገኘው ዓሣው ሲሸጥ ነው፤ ዓሣው ግን ይኸው አለ» አሉኝ። ሦስት ዓሣ በፌስታል አድርጌ የብስክሌቱ መሪ ላይ አንጠልጥዬ ስወጣ አባ ኮዳዎቹ አዩኝ። አባ ኮዳን የማያውቅ ካለ፣ መላጣ፣ ረዥም፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስል ወፍ ነው። አራት ሆነው ተከተሉኝ። አንድ እጄ ደሙን ይጠብቃል፤ አንድ እጄ ዓሣውን ይጠብቃል፤ ብስክሌቱን የሚጠብቅ ጠፋ። ስወድቅ ደሙ ተረፈ፤ ዓሣው አልተረፈም። ዶክተራችን ድርሻቸውን ሲጠይቁኝ «አባ ኮዳ ወሰደው» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛዋ ደንበኛዬ አዲስ ከተማ ሰፈር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ አማረች ናቸው። የስኳር ምርመራ ስለነበር «ነገ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይጠብቁኝ» ብያቸው ነበር፤ ጠበቁኝም። ቀዳሁ። ብልቃጡ ውስጥ ያለውን የገዛ ደማቸውን ሲያዩ «ኢየሱስ!» ብለው የአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተዘረጉ። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ምን አደረግሃቸው?» አለኝ አንዱ።

«ደም ነው የቀዳሁት።»

«ሁሉንም?»

ወይዘሮ አማረች ውኃ ተረጭተው ተነሡ፤ የሰፈሩ ሕግ ግን የዚያን ዕለት ወጣ፤ ሳይበሉ ደም መስጠት ቀረ። «አንጀቷ ባዶ ሆኖ ደሟን ሲመጥጥባት ምን ትሁን?» እየተባለ ከሱቅ ሱቅ ተወራ። በማግስቱ ለስኳር ምርመራ በየቤቱ ስደርስ የሚጠብቀኝ የተዘረጋ ክንድ ሳይሆን የተዘረጋ ማዕድ ሆነ።

እንግዲህ የእኔን ነገር ፍረዱ። ቤቱ ገብቻለሁ፤ ፍርፍሩ ቀርቧል፤ ባለቤቱ «ብላ እንጂ» ይሉኛል። «እኔ ልብላ፤ እርስዎ ግን ባዶ ሆድዎን መሆን አለብዎት» እላለሁ።

«ታዲያ አንተ ስትበላ እኔ ቁጭ ብዬ ልይህ? ጠላትህ ነኝ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል አልተባለም?»

«እንግዲያው እኔም አልበላም።»

«ቤቴን ተጠይፈህ ነዋ!»

በመጀመሪያው ሳምንት በሻይ ተደራደርኩ። ሻይ ምግብ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ። በሁለተኛው ሳምንት ሻዩ ዳቦ አስከተለ። ዳቦው ማር ጠራ። በሦስተኛው ሳምንት አብረን ጠግበን በልተን፣ እጃችንን ታጥበን፣ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለን ስናበቃ ነበር «በል እስቲ ያን መርፌህን አምጣው» የሚሉኝ። ዕውቀቱ ነበረኝ፤ የጎደለኝ ድፍረት ነው። የምርመራ ወረቀቱ ላይ «በባዶ ሆድ የተቀዳ» የምትለዋን መስመርማ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ገና ማታውኑ ለሁሉም ምልክት አድርጌባት ነበር የማድረው።

ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄደ። ብስክሌቴ ዳገት ላይ ማቃሰት ጀመረች።

አንድ ቀን ዶክተራችን አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የውጤት ወረቀት ተቆልሏል። «ይህ ሰፈር ምን ነካው? አንተ የምታመጣው ደም እኮ ከአንድ ዓሣ አስጋሪ በስተቀር ሁሉም ስኳር ነው!» አሉኝ። ፊታቸው እንደ ሐኪም አዝኗል። ቀጥለውም ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። «ተደብቆ የኖረን በሽታ ያወጣኸው አንተ ነህ። ከዚህ ወር ጀምሮ ደሞዝህ አንድ ሺህ አራት መቶ ሆኗል።»

ለምን ሁሉም ስኳር ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። ደሞዝ የተጨመረለት ሰው ጥያቄ አያነሣም። እየዘለልኩ ወጣሁ፤ በደስታ ብስክሌቴን ረስቼ በእግሬ ቤቴ ደረስኩ።

ምሕረት ወሬውን ለአባቷ አደረሰች። አቶ ኤርጊቾም «እንግዲያው ይምጣና ሥራውን በዓይኔ ልየው፤ የእኔንም ደም ይቅዳ» አሉ።

የዚያን ጠዋት ያቀረቡልኝን ማዕድ እስከ ዛሬ በህልሜ አየዋለሁ። ከቡላና ከወተት የተሠራው አታካና ቅቤ ተንሳፎበት ቀርቧል። ድፎ ዳቦ አለ፤ ማር አለ። አቶ ኤርጊቾ ተነሥተው ጸለዩ፤ ለማዕዱ፣ ለአገር፣ ለሱቁ ጸልየው ሲያበቁ «ይህችን መርፌም ባርካት፤ የዚህን ልጅ እጅ አታንቀጥቅጥ» አሉ። አሜን ብዬ ከሁሉም በላይ ጮህኩ። ከዚያ ዳቦ በማር አጥቅሰው፣ በገዛ እጃቸው፣ አጎረሱኝ።

ጉርሻ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የልጅቷ አባት አጎረሰኝ ማለት በሩ ገርበብ አለ ማለት ነው! አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። እኔስ ጨዋ አይደለሁም? ማሩ እስከ ክርኔ እየወረደ አንድ አጎረስኳቸው፤ ደገምኳቸው፤ ለምርቃት ሠለስኳቸው። በሞቀ ደስታ ላይ ሆነን ደማቸውን ቀዳሁ። መርፌዋ ተባርካለች፤ በአንዴ አገኘሁት።

በማግስቱ ዶክተራችን ለአቶ ኤርጊቾ ራሳቸው ነገሯቸው፤ ስኳር ነው።

አቶ ኤርጊቾ ሱቃቸውን ዘጉ። ቅቤ ተወገደ፤ አታካና ተወገደ፤ ቤቱ ውስጥ ጎመንና ዝምታ ብቻ ቀረ። በአሥረኛው ቀን ምሕረት ዓይኗ ቀልቶ ክሊኒክ መጣች።

«አለቀልን» አለችኝ። «የታመመ ሰው ልጁን አይድርም፤ ምሕረት እኔን ታስታምመኛለች፤ ሽማግሌም አይላክብኝ ብሏል።»

«ጋሼ ኤርጊቾ ጣፋጭ ያበዙ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ጣፋጭ? አባቴ እኮ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው! ማር በአፉ ዞሮ አያውቅም። ያንን ማር የገዛነው ለአንተ ነው። የበላውም አንተ ስላጎረስከው እንቢ ማለት አፍሮ ነው።»

በዓይኔ ፊት የአዲስ ከተማ ማዕዶች በሙሉ ተራ በተራ አለፉ፤ ፍርፍሩ፣ ቂንጬው፣ አራት ማንኪያው ሻይ፣ ማሩ። አንድም በሽታ አላገኘሁም ማለት ነው። ቁርስ ነው ያገኘሁት። ያንን ቁርስ ወደ ማሽን አስገብተን ስኳር ብለን ስም አወጣንለት። እውነቴን ነው፣ ታካሚ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብናገር አንድ ሺህ አራት መቶው ይሄዳል፤ ምናልባት እኔም አብሬው። ዝም ብል ደግሞ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው በእኔ የተነሣ ጎመን ላይ ተቀምጦ ይተክዛል፤ ምሕረትም ከእጄ ትወጣለች።

ዶክተራችን ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ስንቶቹ ናቸው በልተው የተቀዱት?»

«ከዓሣ አስጋሪውና ከወይዘሮ አማረች በቀር ሁሉም ናቸው ዶክተር። ጀልባው ላይ የሚበላ ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ደግሞ የሰፈሩ ሕግ ሳይወጣ ነው የተቀዱት።»

ሊስቁ ይሁን ሊያባርሩኝ እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም። በመጨረሻ «ሁሉንም እየዞርክ እንደገና ትቀዳለህ» አሉ። «በነጻ። በባዶ ሆድ። ጭማሪውንም ረስተኸዋል።»

ጭማሪውን መርሳትስ እሺ፤ ማዕዱን እንዴት አድርጌ ልለፈው? ብስክሌቴን እየገፋሁ ይህን ሳሰላስል አንድ ግቢ በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመው አየሁ። ለጋብቻ ጥየቃ የመጡ ናቸው። የቤቱ ባለቤት «ኧረ ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ ቅመሱ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከዘራቸውን ተደግፈው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም» ይላሉ። ባለቤቱ አልተቀየሙም! እንዲያውም ኮሩ! እኔ ደደቡ በየሠርጉ ስሰማው ያደግሁትን ነገር ያን ቀን ገና አየሁት። አገራችን ውስጥ እንቢ የተባለ ማዕድ የማያስቀይምበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ደጃፍ ላይ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ከመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሰማያዊ ሳጥኔን እንደ ከዘራ ተደግፌ «ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም፤ እህል አልቀምስም፤ እርስዎም አይቀምሱም!» አልኩ። ሰውየው መጀመሪያ አፈጠጡብኝ፤ ቀጥለው ሳቁ፤ ቀጥለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ይኸው ነው። ቀዳሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብለን በላን። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ስለተዳረሰ በሌሎቹ ቤቶች ሰዎቹ ራሳቸው በር ላይ እየጠበቁ «ሽማግሌው መጣ!» ይሉኝ ጀመር።

የአቶ ኤርጊቾ በር ላይ ስደርስ ግን ሳጥኔን ሁለት ጊዜ አስተካክዬ አቆምኩ። ቃሌን ተናገርኩ። በተወጠረ ፊት አዩኝ።

«ልትወስድ የመጣኸው ደሜን ነው ልጄን?»

«ዛሬስ ደምዎን ነው ጋሼ። ያኔ በባዶ ሆድ መቅዳት ሲገባኝ በማር ላይ ነው የቀዳሁዎት። ያጎረስኩዎትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ማለት» አሉ ቀስ ብለው፣ «አሥር ቀን ሙሉ ከቅቤ የለየኸኝ አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ከዚያ ክንድ ይልቅ አንድ ጥፊ በመረጥኩ።

ውጤቱ ሲመጣ የአቶ ኤርጊቾ ደም ንጹሕ ነው። የሌሎቹም ንጹሕ ነው። ስኳር ሆኖ የጸናው በእውነት በባዶ ሆዳቸው የተቀዱት፣ አቡጀዲ ላይ የወደቁት የወይዘሮ አማረች ብቻ ነበር። እሳቸውም መድኃኒታቸውን ጀምረው ሲሻላቸው ሱቃቸው ድረስ አስጠርተው መረቁኝ። ያን ቀን ሙያዬን ወደድኩት። ደሞዜ ግን ተመልሶ ዘጠኝ መቶ ገብቷል፤ ፋሲካም ደርሷል።

የሆነው ይሁን ብዬ ሽማግሌ ላክሁ። አንዱ አጎቴ ናቸው፤ ሁለተኛው የክሊኒካችን ዘበኛ። ሦስተኛ የተከበረ ሰው ስፈልግ ከዶክተራችን በላይ አላገኘሁም፤ ስለምናቸው ደስ ብሏቸው እሺ አሉ። ድግስ ይኖራል ብለው እሑድ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ነው የመጡት። እኔ ብስክሌቴን ይዤ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ጓዳ የነበረችው ምሕረት ናት።

ሽማግሌዎቹ በደንቡ መሠረት ቆሙ፤ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀምስም አሉ። አቶ ኤርጊቾ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጁ ደሞዙ ስንት ነው?»

አጎቴ ዘበኛውን አዩ። ዘበኛው ዶክተሩን አዩ። ዶክተሩ የሚያዩት ሰው አጡ።

«ዘጠኝ መቶ ብር» አሉ።

«የሳምንት?»

«የ... የወር ነው።»

«ይህን የሚከፍለው ሰው ማን ይሆን?» አሉ አቶ ኤርጊቾ፤ ማን እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ።

ያኔ ምሕረት የጓዳውን በር ከፈት አደረገችው። የክትፎው ቅቤ ሽታ ወጣ። ዶክተራችን ምራቃቸውን ዋጡ።

«አንድ ሺህ እንዲሆን... ታስቧል።»

«ይታሰብበት። ሀሳብ ጊዜ ይፈልጋል።»

ምሕረት በሩን ትንሽ ጨመር አደረገችው።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ!»

«ዶክተር» አሉ አቶ ኤርጊቾ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ «እኔ አሥር ቀን ያለ ቅቤ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። አልቸኩልም።»

አጎቴ ወደ ዶክተሩ ጠጋ ብለው «ኧረ ልጄ፣ ስለ ፈጣሪ፣ እኔ ዕድሜዬ ሄዷል፤ መቆም አልችልም» አሏቸው። ዘበኛውም ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜያቸው አለቃቸውን ገላመጡ።

«አንድ ሺህ አምስት መቶ!» አሉ ዶክተራችን። «ከዚህ ወር ጀምሮ!»

«ቁጭ በሉ» አሉ አቶ ኤርጊቾ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ደሞዝ ማስጨመር የምትፈልጉ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሥልጠና አትግቡ፤ ማመልከቻም አትጻፉ። አለቃችሁን ቁርስ ሳይበላ ያዙት። የደምም ሆነ የደሞዝ ትክክለኛ ልኩ የሚታወቀው በባዶ ሆድ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ከአጥሩ ውጭ የብስክሌቴን ደወል ስነካካ፣ ስነካካ፣ በሩ ተከፈተ። ምሕረት በቆጮ የተጠቀለለ ክትፎ በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«አፍህን ክፈት!»

«ጉዳዬ ሳይፈጸም እህል አልቀምስም» አልኳት።

«ተፈጽሟል» አለችኝ።

ከፈትኩ።